ለባለሥልጣን ሰልፍ ስንወጣስ?

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸውና አጎቴ መካነ ሰላም ከተማ ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ እኔም እዚያው አስተምራለሁ። በመምህራን ማኅበራችን ስብሰባ፣ ሰው ሊወጣ ሲነሣ አጎቴ “አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች” ይሉ ነበር።

አንዲት መምህርት ደመወዝ ለምን ዘገየ ስላለች ከነጨቅላ ልጇ ወደ ወግዲ ገጠር ተዛወረች። አጎቴ ማኅበሩ ይከራከርላት አሉ።

ሰብሳቢው “እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም” አላቸው።

“ለባለሥልጣን ሰልፍ ስታስወጡንስ የት ገብታችሁ ነበር?” አሉት። ሰብሳቢው ስብሰባውን ዘጋ።

አጎቴ ሲሞቱ ያው ሰብሳቢ ለቅሶው ላይ ቆሞ “የማኅበራችን ምሰሶ ነበሩ” አለ።

“ውዳሴው ይቅርባቸው፤ መምህርቷን አስመልሷት!” ብዬ ጮህሁበት። ዘመዶቼ ጎትተው አስቀመጡኝ።

አሁን ስብሰባችን ቶሎ ያልቃል። መምህርቷ ዛሬም ወግዲ ናት።