«ትንሽ ትንሽ» ያልኩበት ኬሚስትሪ

እሑድ ዕለት ሰላም የምትባል ወጣት ቦርንሃይም የሚባል ሰፈር ያለው ቤቴ መጥታ ነበር። አዳማ የጀመረችውን የነርስነት ትምህርት እዚህ መቀጠል ትፈልጋለች፤ የተማረችው ይቆጠርላት እንደሆነ የሚወሰንበት፣ በጀርመንኛ ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ አላት። እስኪ እንለማመድ ብዬ «አናቶሚ ታውቂያለሽ?» አልኳት። አንገቷን ሰበር አድርጋ «ትንሽ ትንሽ» አለችኝ። ሳቄ መጣ።

እኔም በወጣትነቴ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ጀምሬ ነው የመጣሁት። ዋና ዋናዎቹ የግዴታ ኮርሶች ከተቆጠሩልኝ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፤ አለዚያ ከሀ መጀመር ነው። አገር ቤት እንቅልፍ ያሳጣን እንግሊዝኛማ እዚህ የሚጠይቀውም አልነበረም።

ያኔ ሳክሰንሃውሰን በሚባል ሰፈር፣ የፖም ወይን የሚሸጥበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እልጥ ነበር። ጸደይ ሲገባ የአገሩ ሰው ለሚወደው አረንጓዴ ሶስ የሚሆነው ቅጠል በየሳጥኑ ይመጣል፤ ቤቱ ሁሉ ዝናብ የመታው ጓሮ ይሸታል። ያን ቅጠል መክተፍ ያምረኝ ነበር፤ የእኔ ድርሻ ግን ድንች ነው።

ቴርሚኔ ደረሰና አንዲት ፕሮፌሰር ፊት ቀረብኩ። «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይችላሉ?» አለችኝ። በአባቴ ቤት ደንብ የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ አይልም፤ ሌላው ይመሰክርለታል። «ትንሽ ትንሽ፣ እሞክራለሁ» አልኳት። ላቦራቶሪስ? ያው እንደ ነገሩ። ጭራሽ የማላውቀውን ስታትስቲክስንም ትንሽ ትንሽ አልኩ። በጨዋነቴ ረክቼ ወጣሁ። መልሱ ሲመጣ አንድም ክሬዲት አልተቆጠረልኝም።

ድንቹ ላይ አለቀስኩ። አጠገቤ የሚሠሩት እትዬ ለተብርሃን፣ የአስመራ ሴት ናቸው፣ «ምን ብለሽ መለስሽላት?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ሼፏስ መክተፍ ትችያለሽ ወይ ስትልሽ ምን አልሻት?»

«ትንሽ ትንሽ።»

ቢላቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ይኸው ክረምቱን ሙሉ ድንች ላይ ነሽ! እነዚህ ሰዎች የነገርሻቸውን ነው የሚያምኑሽ፣ ልጄ። ሌላ ቴርሚን ለምኚ።»

ለመንኩ፤ ሰጡኝ። ፕሮፌሰሯ ፊት ዳግም ቀረብኩ። አባቴ ከኋላዬ ቆመው የሚሰሙኝ መሰለኝ። «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አውቃለሁ። ላቦራቶሪም በደንብ ሠርቻለሁ። ስታትስቲክስ ግን አላውቅም» አልኳት። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እሷ አልተገረመችም። ወረቀት ሰጥታ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ሠራሁላት። ከስታትስቲክስ በቀር ሁሉም ተቆጠረልኝ። እሱን ከአንደኛ ዓመት ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ተማርኩት፤ ዛሬም አልወደውም። ሼፏም መክተፍ እንደምችል ስነግራት «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ቢላ አቀበለችኝ።

አባቴ ተሳስተዋል አልልም። በእሳቸው ሰፈር ዝም ብትል የሚመሰክርልህ ጎረቤት አለ። እኔ ግን እዚህ የመጣሁት ብቻዬን ነው፤ ምስክሬም እኔው ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለሰላም ካወራኋት በኋላ እንደገና ጠየቅኳት።

«አናቶሚ ታውቂያለሽ?»

አንገቷን ቀና አደረገች። «አውቃለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ፋርማኮሎጂስ?»

«እሱን አላውቅም።»

ሁለቱንም አመንኳት።