ቁልቁለት ላይ የሚሰንፍ ፍሬን

ኪንታማኒ በምትባል የተራራ መንደር ውስጥ ፍሬኑ ያስቸገረውን ሰው ሁሉ ወደ ሱዳርፓ ጋራዥ ይልኩታል፤ ሳይቀልዱ ግን አይልኩትም። «መኪናህን ስጠው። መጀመሪያ ራሱን ያካል፣ ቀጥሎ ሰማይ ሰማዩን ያያል፣ በመጨረሻ ይሠራልሃል» ይሉታል።

ውሸት አልነበረም። ሱዳርፓ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም። በወጣትነቱ ቆላ ወርዶ ዴንፓሳር ከተማ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪኖች ግቢ ሙያውን ሲማር፣ አለቃው «አንተ እኮ ቡሎን ከመፍታትህ በፊት ፈቃዱን ትጠይቀዋለህ» እያለ ያሾፍበት ነበር። አባቱ ሲሞት ወደ ተራራው ተመለሰና ጭጋጉ ከሐይቁ ተነሥቶ መንገዱን በሚሻገርበት ቦታ በቆርቆሮ የተከደነች ጋራዥ ከፈተ። አንድ የራሱ ልማድ ነበረው። ፍሬን ሊመረምር ሲቀመጥ ነጠላ ጫማውን ያወልቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ባዶ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፍና ዝም ይላል። ፍሬን የሚታወቀው በውስጥ እግር ነው ብሎ ያምናል። እግሩም አታልሎት አያውቅም ነበር፤ የወንድሙ የላንድራ መኪና እስኪመጣ ድረስ።

ላንድራ ታናሹ ነው። መንደሪን ያመርታል፤ ባለ ሰባት ወንበር፣ ከመሬት ከፍ ያለ አሮጌ የመስክ መኪናም አለው። በዚያ መኪና እናታቸውን በየሳምንቱ እያመላለሰ ታች ባንግሊ ከተማ ኩላሊቷን ያሳጥባታል። አንድ ጠዋት ቁልቁለቱን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ መኪናውን ከአንድ የመንደሪን እርሻ የድንጋይ አጥር ጋር እያፋተገ አቆመው። በሌላው በኩል ገደል ነበር።

መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ሱዳርፓ ጫማውን አውልቆ ረገጠ። ፔዳሉ እንጨት ሆኖ ጠበቀው።

«በሊ፣ እምልልሃለሁ፣ እግሬ ከወለሉ ጋር ተገናኝቷል» አለ ላንድራ። ታላቁን እንደ አገሩ ወግ በሊ እያለ ነው የሚጠራው።

«አሁን እኮ እንጨት ነው።»

«አሁን እንጨት ነው! ያኔ ግን የሩዝ አጥሚት ነበር።»

«ደንግጠህ ክላቹን ረግጠህ ይሆናላ።»

«እኔ? ክላችና ፍሬን የማልለይ? ሜሜ፣ እስኪ ንገሪው!»

ሁለቱም ሜሜ የሚሏት እናታቸው የጋራዡ ደጅ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ሐኪሙ መንደሪን ስለከለከላት ልጣጩን ታሸታለች። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ምኑን ልንገረው?» አለች።

ሱዳርፓ ወደ ሥራው ገባ። አራቱን ጎማ አየ፤ የሚያንጠባጥብ የለም። የፍሬን ዘይቱ ቋት ሙሉ ነው። ከዚያ ፔዳሉን በኃይል መርገጡን ትቶ ለስለስ አድርጎ ያዘው። ይሄን ጊዜ ፔዳሉ እንቅልፍ እንደ ጣለው ሰው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ነገሩ የማስተር ሲሊንደሩ ነው ማለት ነው፤ እግር ሲረግጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው እሱ ነው። ውስጡ ያሉት የላስቲክ ጎሚኒዎች ሲበሉ ዘይቱ ወደ ውጭ ጠብ ሳይል ውስጥ ለውስጥ ያመልጣል። ፈትቶ አወጣው። ግድግዳው ዝገት በልቶት እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። ዘይት ውስጥ የሚኖር ነገር እንዴት ይዝጋል? ሱዳርፓ ራሱን አከከ። ግን ጥፋቱን አግኝቷልና ጥያቄውን ተወው። አዲስ ማስተር አሰረ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ላንድራ መሪው ጋ ተቀምጦ፣ እሱ መኪናው ሥር ተኝቶ፣ «ርገጥ»፣ «ረገጥኩ»፣ «ያዝ»፣ «ያዝኩ» እየተባባሉ ከአራቱም ጎማ አየር አስወጡ።

«በሉ ሂዱ» አላቸው። ይቺን ቃል በኋላ ስንት ጊዜ መልሶ መላልሶ እንዳሰባት እሱ ነው የሚያውቀው።

በሚቀጥለው ጉዞ ፍሬኑ እንደገና ጠፋ። ላንድራ ማርሹን ወደ ታች እየመታ፣ ለግንባታ መንገድ ዳር በተከመረ ጥቁር አሸዋ ላይ መኪናውን አወጣው። ሜሜ ሆስፒታሉን ሳታይ በአሸዋ ጫኝ መኪና ተሳፍራ ወደ ተራራው ተመለሰች። በማግስቱ እግሯ አበጠ፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከሆስፒታሉ ተደውሎ ነገ የግድ መምጣት አለባት፣ ሌላ ቀን የለም ተባሉ። ጊዜው የለቀማ ነው፤ የመንደሩ መኪና ሁሉ መንደሪን ጭኖ ገና ሳይነጋ ይወርዳል። ሞተር ብስክሌት ላይ እንዳትቀመጥ አቅም የላትም። ያለው ያ መኪና ብቻ ነው። ሂዱ ማለት ያለበትም ያው ሱዳርፓ ነው።

ከሰዓት በኋላ መኪናውን እየጎተቱ አመጡለት። ጫማውን አወለቀ፤ ረገጠ። እንጨት። ለስለስ አድርጎ ያዘው። አሁንም እንጨት። አዲሱ ማስተር ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ ከማስተሩ የሚወጡትን ቱቦዎች ፈታና ቀዳዳዎቹን በቡሎን ደፈናቸው፤ ዘይቱ መሄጃ ከሌለው፣ ፔዳሉም ከወረደ፣ ጥፋቱ ማስተሩ ራሱ ውስጥ ነው። ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። ማስተሩ ጤነኛ ነው። አየር ገብቶ ይሆን? አየር ቢኖር ቅድም እዚሁ ተራራ ላይ ሲረግጠው ስፖንጅ ስፖንጅ ይል ነበር። ሱዳርፓ ዓይኑን ሲገልጥ እግሩን እንደ ሌላ ሰው እግር አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ አላመነውም።

«ተራራ ላይ ጤነኛ፣ ታች ሲወርድ በሽተኛ» አለ ለራሱ።

«እንደ ሜሜ ነዋ!» አለ ላንድራ። «ቆላ አይስማማውም። ሙቀቱ ነው የሚጥለው።»

ሱዳርፓ አልሳቀም። ሙቀት የምትለው ቃል ግን ጆሮው ውስጥ ቀረች። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ተይዞ ሲወረድ ጎማው ጋ ያለው ብረት ይግላል፤ ዘይቱም አብሮ ይግላል። ጥሩ የፍሬን ዘይት ግን ይህን ይችላል። ቶሎ የሚፈላው ውሃ ነው። ውሃ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እግር እንፋሎቱን ሲጨምቅ ዋለ ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይጠፋል፣ ፔዳሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ይጠነክራል። ይህ ሁሉ ገባው። ያልገባው፣ የዘይቱን ጠርሙስ የከፈተው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ ውሃው ከየት መጣ?

ከቋቱ ጥቂት ዘይት በብረት ማንኪያ ቀድቶ የሻይ ምድጃው ላይ ያዘው። ገና ሳይግል ተንጫጫ፤ እየተፈናጠረ ፊቱን ሊያቃጥለው ምንም አልቀረውም። መደርደሪያው ላይ ከተረፈው ከአዲሱ ጠርሙስም ቀዳ። እሱም ተንጫጫ። ጭራሽ ግራ ገባው። ተመልሶ ወደ ቋቱ አጎነበሰ። አፉ ላይ ካለችው ማጥለያ ጋር አንዲት ቢጫ የአበባ ቅጠል ተጣብቃለች።

በጣቱ ጫፍ ይዟት ወጣ። «ሜሜ፣ ይቺ እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«የት ውስጥ?»

«የፍሬኑ ቋት ውስጥ።»

«እህ፣ ከጸበሉ ጋር ገብታ ይሆናል» አለች፤ ወጥ ላይ ጨው ስለመጨመር የምታወራ ነው የምትመስለው።

ነገሩ ከብረት በዓል የጀመረ ነበር። በዚያ ቀን ቢላዋውም፣ መኪናውም፣ የሱዳርፓ መፍቻዎችም ሳይቀሩ መባ ይቀርብላቸዋል፤ ኮፈኑ ይከፈትና ሞተሩ ላይ ጸበል ይረጫል። ሜሜ ያን ለት «መኪናውን የሚያቆመው የቱ ነው?» ብላ ላንድራን ጠየቀችው። እሱም ነጩን ቋት አሳያት።

«ላዩን ብቻ ቢረጩት ምን ይረባል?» አለች። «ሰው ይረጫል፣ ከዚያ ይጠጣል። እኔም አጠጣሁት። በየጉዞው ጠዋት ላንድራ ሞተሩን ሲያሞቅ አጠጣዋለሁ።»

«አዲሱ ጠርሙስስ?»

«እሱማ እንግዳ ነው። ሳይባረክ ቤት ይገባል? አንተ ምሳ ልትበላ ስትሄድ ጨመርኩበት።»

ላንድራ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሸዋው ትዝ ሲለው ሳቁ ተቋረጠ።

«ሜሜ» አለ ሱዳርፓ፣ «ውሃ እኮ ይፈላል።»

«ውሃ አይደለም።»

ሱዳርፓ ጸበልን ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ብሎት አያውቅም፤ አሁን ለማለት ምላሱ እምቢ አለ። «ታዲያ ለምን ፈላ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ! ፍሬኑ ጠፋ። ተመልሶ ጠፋ። ያ ሁሉ ገደል አጠገባችን እያለ ለምን አልሞትንም?»

ሱዳርፓ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። ትክክል ብትሆንስ? ደግሞ እንዴት ትክክል ትሆናለች? ሁለቱንም ሐሳብ እያገላበጠ ቆመ፤ አንዱን ሲያነሣ ሌላው ይወድቅበታል።

«በሊ ራሱን ማከክ ጀመረ፤ በቃ ሊሠራ ነው» አለ ላንድራ።

ሠራ። ያልተከፈተ ጠርሙስ አምጥቶ ማንም እንዳይነካበት ብብቱ ሥር ሸጎጠው። አሮጌው ዘይት እስኪያልቅ፣ ከአራቱም ጎማ ጥርት ያለው እስኪወጣ ድረስ አጠበው። የወጣውን ሁሉ በአንድ ማሰሮ አጠራቀመ፤ ሲጨርስ ማሰሮውን ታቅፎ ቀረ። ጸበል ያለበት ነገር ቦይ ውስጥ አይደፋም። ጸበል የሚደፋበት የመቅደሱ አትክልት ሥር ቢደፋው ደግሞ አትክልቱ ይደርቃል።

«ሜሜ፣ ይሄን የት ላድርገው?»

ሜሜ ወደ ማሰሮው አጎንብሳ ብዙ አየችው። «ግማሹ ጸበል ነው» አለች።

«ግማሹ መርዝ ነው።»

«እንግዲህ እወቅበት። መካኒኩ አንተ ነህ።»

ሰው የማይረማመድበት ይሁን ብሎ ከጣሪያው ሥር ወራጁ ላይ ሰቀለው።

ጠዋት መሪውን ራሱ ያዘ፤ ላንድራን ከኋላ አስቀመጠው። ሜሜ በዓል የምትሄድ ይመስል ዳንቴል ሸሚዟን ለብሳ፣ ትንሽዬ ብልቃጧን ይዛ መጣች። በሩን አልፋ ኮፈኑ ፊት ቆመች።

«ክፈትልኝ።»

«ሜሜ፣ እባክሽ።»

«ሳይጠጣ አልወጣም። እዚሁ ልሙት።»

እግሯ ጫማዋን ሞልቶ ተርፏል። ስትናገር በየመሃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች። ሱዳርፓ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ብልቃጧ ስትዘነበል እጁ ከሐሳቡ ቀደመ፤ መዳፉን ቋቱ ክዳን ላይ ጫነ።

«ፔዳሉን የሚረግጠው የእኔ እግር ነው» አለ። «እኔን አጠጪኝ።»

ሜሜ ግራ ገባት። ልጇን አየች፤ ቋቱን አየች። እንዲህ ያለ ነገር ይፈቀድ አይፈቀድ እሷም አታውቅም። ቆይታ ራሱ ላይ ረጨችበት። መዳፎቹን ደራርቦ ዘረጋላት፤ ብልቃጧን አንጠፍጥፋ ሞላችለትና ጠጣ። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ መኪናው ላይ ወጣች።

ሱዳርፓ በባዶ እግሩ ነዳ። በየኩርባው ገና ሳያስፈልግ ፔዳሉን ይነካካል። የድንጋይ አጥሩን አለፉ፤ ፔዳሉ አለ። የጋለ ብረት ሽታ መጣ፤ ፔዳሉ አለ። የአሸዋው ክምር ጋ ላንድራ የፊቱን ወንበር ጨምድዶ ያዘ፤ ፔዳሉ ግን አልተነቃነቀም። ሱዳርፓ ይሄን ጊዜ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታየኛል ብሎ ነበር። ዘይቱ ነው ለማለት ፈለገ፤ ጉሮሮው ላይ የጸበሉ ቅዝቃዜ አሁንም ያለ መሰለው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ መጣች። ሜሜ ተደግፋ ወረደችና ወደ ሹፌሩ መስኮት ተጠጋች።

«ስንመለስ ዳገት ነው» አለች። «ዳገት ላይ ፍሬን አያስፈልግም አይደል?»

«ያስፈልጋል፣ ሜሜ።»

ባዶዋን ብልቃጥ በፀሐዩ አቅጣጫ ከፍ አድርጋ አየቻት። «ሁሉንም ጠጥተኸዋል እኮ። ታዲያ ለመመለሻው ምን ልናደርግ ነው?»

ነርሷ ወንበሩን ገፍታ ወሰደቻት። ላንድራ ከኋላ ሆኖ «በሊ፣ ቆመናል እኮ፤ እግርህን አንሣ» አለው። ሱዳርፓ ለእናቱ ጥያቄ መልስ እየፈለገ ነበር፤ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አላነሣም።