ለአልቃሿ ግጥም የሚያወጣ
ሙዚቃዊ ፊልም ውሸት ነው ይባላል፤ ሰው በሐዘኑ መሃል አይዘፍንም ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው ጉለሌ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም።

ትናንት በቴሌቪዥን አንዲት እናት ልጇን ቀብራ ስትዘፍን ሳይ፣ የሰፈራችን አልቃሽ እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። በጃንሆይ ዘመን፣ ተማሪ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ፊልም አብረን አይተናል። ዝናብ ያራሰው ጋቢያቸው ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።

«ግጥሙን ራሷ ናት ያወጣችው?» አሉኝ።

«የለም እትዬ፣ ለዘፋኞቹ ግጥምና ዜማ የሚደርስ ሌላ ሰው አለ።»

«ታድላ። እኔ ለሰው ሬሳ ሁሉ ሳወጣ ኖሬ፣ ልጄ የሞተ ቀን አንደበቴ ተያዘ። የሚያወጣልኝም ጠፋ፤ በዝምታ ተቀበረ።»

የትናንቷ እናት ሙሉ ኦርኬስትራ አጅቧት ጨረሰች። በሰፈራችሁ አልቃሽ ካለች፣ ለራሷ ሐዘን የሚሆን ግጥም ዛሬውኑ ጀምሩላት።