የአባዬ ፒካፕ የተቃናችበት ቀን

ልጅ እያለሁ የአባዬ ፒካፕ ሊዋጋ እንዳጎነበሰ በሬ አፍንጫዋን ደፍታ ነበር የምትቆመው። አባዬ ከካምፓላው የኦዊኖ ገበያ የሰልባጅ ቦንዳ እየጫነ ራቅ ወዳሉ ከተሞች ስለሚወስድ፣ ጭነት እንድትችልለት ብሎ ከኋላዋ ባሌስትራ የሚባለውን የብረት ሞላ ደራርቦባታል። ባዶዋን ስትሆን ታዲያ ኋላዋ ሰማይ፣ ፊቷ መሬት ነው። ንጠቱን የሚውጡት አሞርዛተሮቿም ካለቁ ቆይተው ነበርና በሰፈራችን በካምዎክያ ጉድጓዶች ስታልፍ ከወንበር እየተነሳን ጣራውን በአናታችን እንነካለን። እኔማ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

እማዬ ግን አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጣራው ግንባሯን አሳበጠውና መንገድ ዳር አስቁማ ወረደች። "ማርያምን፣ ሁለተኛ እዚህች መኪና ላይ አልወጣም!" አለች። እማዬ ማርያምን ካለች አለቀ። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ እኔና አባዬ በፒካፕ፣ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል ከኋላችን ሆነ ጉዟችን። ሰው ተጣልተው ይሆን እያለ ያንሾካሽካል። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። ፒካፗ አንድ ረጅም ወንበር ብቻ ስለነበራት ቦታዬ በሁለቱ መሃል ነበር፤ እማዬ ስትቀር መሃል የሚባል ነገርም አብሮ ቀረ።

በዚህ መሃል የእማዬ ጓደኛ ወለደችና ክርስትናው እንቴቤ ሆነ። ዶሮ ወጡ የእማዬ ድርሻ ነው፤ ድስት ሙሉ ወጥ ደግሞ በቦዳ አይሄድም። አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጪኝ። የማልሽው በዚያችኛዋ ነው፤ ቅዳሜ የምትመጣው ሌላ መኪና ናት" አላት። እማዬ ሳቋን እየዋጠች፣ ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጭ ቀሚሷ እንደምትቀመጥ፣ ጠብ ካለ ግን ዕድሜ ልኳን በቦዳ እንደምትቀር ነገረችው።

ኦልድ ካምፓላ ቁልቁለቱ ላይ ወዳለው ጋራዥ ስንሄድ ቁርስ እንኳ አልበላሁም፤ አባዬ በር ላይ እንቁላል በቂጣ የተጠቀለለበት ሮሌክስ ገዛልኝ። የጎማ፣ የግራሶና የትኩስ እንቁላል ሽታ ዛሬም ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ልቤ ይዘላል። መካኒኩ አሮጌውን አሞርዛተር ፈቶ ወደ ታች ሲገፋው እዚያው ተኝቶ ቀረ። አዲሱን ለእኔ ሰጠኝ። በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፤ እምቢ እምቢ እያለ ወረደና ቀስ ብሎ መልሶ አነሳኝ። ጮህኩ! ከዚያ ፊቷን ከፍ አድርገው ከኋላዋ ጋር አስተካከሉት። አባዬ ልኩን ሊያይ የጭነቱ ወለል ላይ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ። መካኒኩም "ሴቦ፣ ጌታዬ፣ መኪና ነው የምንሠራው ወይስ የፑል ጠረጴዛ?" ብሎ ሳቀበት። አባዬ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየና "ትንሽ፣ ትንሽ ከፍ" አለ።

ቅዳሜ እማዬ በነጭ ቀሚሷ መጣች። ፒካፗን ዞራ አየቻት፣ ወጥታ ተቀመጠች፣ ድስቱን ተቀበለች። እኔም መሃል ገባሁ! አባዬ ግን እንደ ኤሊ ይሳብ ጀመር። ማቶኬ ሙዝ በብስክሌት የጫነ ሰውዬ ሳይቀር አለፈን።

"ምነው?" አለች እማዬ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉማ ድስቱ ውስጥ ነው ያለው!"

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ትልቁ ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ድስቱ ላይ ተከልኩ። ፒካፗ ወረደች፣ ወጣች፣ ጸጥ አለች። የድስቱ ክዳን ብቻ ቂው አለ። እማዬ ቀሚሷን አየች፣ ክዳኑን ከፍታ ወጡን አየች፣ በመጨረሻም አባዬን አየችው። "ምን ትጠብቃለህ ታዲያ? ፍጠን እንጂ!" አባዬ በደስታ ጥሩንባውን ነፋው፤ እንቴቤ እስክንደርስ ሦስታችንም ስንስቅ ነበር።

ያቺ ፒካፕ ከተሸጠች ቆየች። የእኔ መኪና ለስላሳ ናት፣ የሰፈራችን መንገድም ገሚሱ አስፋልት ሆኗል። ልጆቼ ጣራ በአናት መንካት ምን እንደሚያስደስት አያውቁም፤ ያሳዝኑኛል። ባለፈው እሁድ እማዬንና አባዬን ከቤተ ክርስቲያን ስመልስ ያ ጉድጓድ የነበረበት ጋ ደረስን። መንገዱ እዚያ ጋ ዛሬም ስብርብር ያለ ነው። አባዬን ወገቡን፣ እማዬን ጉልበቷን ያማቸዋል። ሳይታወቀኝ እንደ ኤሊ ስሳብ ቦዳዎቹ ጥሩንባ እየነፉ ያልፉኝ ጀመር። ያኔ አባዬ እንደዚያ የተንፏቀቀው ለወጡ ሳስቶ ይመስለኝ ነበር። በመስታወቱ ከኋላ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለቱን አየኋቸውና ለካ የሳሳው ለእማዬ ነበር አልኩ።

እማዬ ባዶ እጆቿን ከጭኗ ላይ አንስታ አሳየችኝ።

"ልጄ፣ ድስት የያዝኩ መሰለሽ እንዴ? ፍጠኚ እንጂ!"