ኮታቸውን የማያወልቁት ታማሚ

ከሽማግሌው ኮት የናፍታሊን ሽታ ሲመጣ፣ ነርሷን አባቷ ለክቡር እንግዳ ብቻ የሚከፍቱት ቁም ሣጥን ትዝ አላት። ሽማግሌው የሆስፒታሉን ፒጃማ በኮቱ ሸፍነው እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ሐኪሞቹ ካንሰር የያዘውን የሽማግሌውን አንጀት ክፍል ሆዳቸውን ሳይከፍቱ፣ በካሜራ እየተመሩ በትንንሽ ቀዳዳዎች ቆርጠው አውጥተውታል። የተቀጠለው አንጀት መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው ግን አየር ሲወጣ ነው።

«አባባ፣ ዛሬስ አየር ወጣ?»

«ልጄ፣ ይህ ለሴት ልጅ የሚነገር ነገር ነው?»

«ካልወጣማ ምግብም የለ፣ ቤትም መግባት የለ።»

«ከእኔ ይውሰዱ፤ ሞልቶኛል» አለ የጎን አልጋው ታማሚ።

ሽማግሌው ሊቆጡት ቀና ሲሉ ከኮቱ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ነርሷ እንዳልሰማች ሆና ትራሱን እያስተካከለች፣ «ዛሬ ሾርባ ይጀምራሉ» አለች።

ሽማግሌው በሃፍረት ከአልጋቸው ወርደው የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ነካ አድርገው፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ቀስ ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ።