በሩን ማን ከፈተው

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ የማታ ፊልም የሚቆመው ታሪኩ ሲያልቅ ሳይሆን ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ነበር። መጨረሻቸውን ሳናይ የቀረናቸው ፊልሞች ብዛት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከሁሉም የሚቆጨኝ ግን አንዱ ነው። አንዲት ልጅ የጠፋ አባቷን ፍለጋ በበረዶ ውስጥ ትንከራተታለች። እኛ ጣራ በሌለው ሲኒማ ቤት ላባችንን እየጠረግን የሰው አገር በረዶ እናያለን። በስንት መከራ አንድ ቤት ደርሳ በሩን አንኳኳች። ወዲያው ማሽኑ ቆመ፣ መብራት በራ፣ ወደየቤታችሁ ተባልን።

አብራኝ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ ናት። አባቷ መጋላ ገበያ ሱቅ ከፍቶ ጨርቅ ይሸጣል፤ ቤታቸው የሚወራው ሶማሊኛ ነው። በአማርኛ ወሬ ማንም አይችላትም፤ መጽሐፍ ላይ ሲሆን ግን ፊደሉን አንድ በአንድ ነበር የምትለቅመው። በዚህ አሾፍባት ነበር። ፊልሙ ከመጽሐፍ የተሠራ መሆኑን፣ የአማርኛ ትርጉሙም ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ አስተማሪያችን ሲነግረን ተሽቀዳድመን ሄድን። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። በስሜ ተዋስኩትና መጀመሪያ እኔ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

"በሩን ማን እንደከፈተው ልንገርሽ?" አልኳት።

"አቦ ተዪኝ! ዋላሂ ከነገርሽኝ አላናግርሽም። ራሴ እደርስበታለሁ።"

እውነትም ተያያዘችው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ በሙቀት ሲያንጎላጅ እሷ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ተደግፋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሌላ ገልጣ የማታውቅ ልጅ እኮ ናት። እያደር ፈጠነች፤ እኔም ማሾፌን ተውኩ። መጨረሻው ምላሴ ጫፍ ላይ እየመጣ ስንቴ አፌን በእጄ ያዝኩ። ምስጢር ጠባቂ በመሆኔ ኮርቼ ነበር።

አንድ ጠዋት ሱቁም ቤቱም ተቆልፎ አገኘሁት። ያኔ አገር ጥሎ መሄድ ስለሚያሳስር ማንም ተሰናብቶ አይሄድም። ከቀናት በኋላ ጅቡቲ ገብተዋል ተባለ። መጽሐፉን የትምህርት ቤት ዕዳ እንዳይሆንብኝ ብላ ይመስለኛል፣ በራችን ሥር ትታልኝ ሄዳለች። የደረሰችበት ገጽ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ሸጉጣበታለች። ገልጬ አየሁት። ፊልሙ ከተቆረጠበት ቦታ እንኳ አልደረሰችም።

ምነው ያኔ ብትቆጣኝም በነገርኳት። ጅቡቲ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ ከየት ታገኛለች? ያን ያህል የለፋችበት ንባብስ ምን ሆኖ ቀረ?

እንግዲህ የትም ሁኚ፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ ልንገርሽ፤ ከፈለግሽ ተቆጪ። በሩን የከፈተው አባቷ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን አላወቃትም።