ከሱሉልታው ወተት ጥናት የቀረው ስም

ራሴ የጻፍኩት የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፍ ስለ ሱሉልታ ወተት ነው። ሲታተም በላዩ የሦስት ሰዎች ስም ነበረበት። ከሦስታችን ለሥራው ሱሉልታን የረገጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ ጋር ሰባት ወር ሙሉ የተመላለሰችው ሴት ስም ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ የሆነውንም እኔው ብናገረው ይሻላል።

ያኔ ቡራዩ ቤት ተከራይቼ፣ እዚያው አቅራቢያ ባለ ኮሌጅ አስተምር ነበር። እሷ የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን ነበረች። ከደቡብ መጥታ ሰበታ ውስጥ በአንድ የምግብ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ለዓመታት ሠርታለች። ወደ እኛ ከመጣች በኋላም የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ሰበታ ስለሆነ ቤቷን አልቀየረችም። ኦሮምኛውን የለመደችው ፋብሪካው ውስጥ ነው። ሱሉልታ ስንሄድ ከገበሬዎቹ ጋር የምታግባባኝ እሷ ነበረች፤ እኔ ከሰላምታ አላልፍም።

በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት አዲሱ ገበያ እንገናኝና የሱሉልታን ታክሲ እንይዛለን። ከየቤቱ ናሙና ወስደን በረዶ በሞላ ሳጥን ይዘን ወደ ቡራዩ እንመለሳለን። ሳጥኑን ጭናችን ላይ ስለምናስቀምጠው ቡራዩ እስክንደርስ ጉልበታችን ይደነዝዛል። ከዚያ እኔ ክፍል እገባለሁ፤ እሷ እስከ ማታ ላቦራቶሪ ትቀራለች።

የእኔ ዕቅድ ቀላል ነበር። ወተቱ ሲታለብ ያለውን ንጽሕና፣ መሰብሰቢያው ጋ ሲደርስ ካለው ጋር ማወዳደር ነው። በሦስተኛው ወር ጾም ገባና ገበያው ቀዘቀዘ። ወተቱ ሳይሸጥ ረጅም ሰዓት ይቆይ ጀመር። አንድ ቀን ከላቦራቶሪ ደውላ ጠራችኝ።

«እነዚህን አራት ቤቶች እያቸው» አለችኝ። «ወተታቸው ከሌሎቹ እኩል ቆይቷል፤ ግን ደህና ነው።»

«የልኬት ስሕተት ይሆናል።»

«ሁለቴ ደግሜዋለሁ።»

በሚቀጥለው ጉዞ የቤቶቹን ሴቶች አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አራቱም የወተት ዕቃቸውን በወይራ ጢስ የሚያጥኑ ሆነው ተገኙ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው ወደ ፕላስቲክ ጀሪካን ከዞሩ በኋላ ማጠኑን ትተውታል። እሷ እዚያው ደጅ ላይ ቆማ መመዝገቢያ ደብተራችንን ከፈተችና በማስመሪያ አዲስ ዓምድ አሰመረች፤ «ታጥኗል፣ አልታጠነም» ብላ ጻፈችበት። ወይራ ማጠን ለሴቶቹ አዲስ ነገር አይደለም። በእኔ ዕቅድ ውስጥ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ጽሑፉ ሰው ሊያነበው የሚገባ ሆኖ የተገኘው በዚያች ዓምድ ምክንያት ነው።

ረቂቁን ጽፌ ስጨርስ ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አሳየሁት። በላዩ ላይ የእኔና የእሷ ስም ብቻ ነበር። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ስሟ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺ ቴክኒሻን አይደለችም እንዴ?»

«ናት፤ ግን ዶክተር፣ ዋናውን ነገር ያገኘችው እሷ ናት።»

«ደመወዝ ተከፍሏት የሠራችው ሥራ ነው። ምስጋናው ላይ አስገባት። የኔን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ላቦራቶሪውን የፈቀድኩልህ እኔ ነኝ።»

እኔም ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው እንደሆንኩ ትዝ ያለኝ ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያልኩት «እሺ ዶክተር» ብቻ ነው። የረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ በእሱ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። በዚያው እጄ ሦስተኛ ስም ጨመርኩ፤ ጎረቤት ቢሮ ያለ ባልደረባዬን። እሱ ባለፈው ዓመት አንድም ቃል ባልጻፍኩበት ጽሑፉ ላይ ስሜን አስገብቶልኝ ነበርና ውለታ መመለሴ ነበር። ይህን ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔም ነውር ሆኖ አልታየኝም።

ጆርናሉ እያንዳንዱ ጸሐፊ ምን እንደሠራ የሚሞላበት ቅጽ ነበረው። በባልደረባዬ ስም ትይዩ «መረጃ ሰብስቧል» ብዬ ሞላሁ። ባልደረባዬ የሱሉልታን ላም በዓይኑ አላየም። የሰበሰበችው እሷ ነበረች። ያንን ስጽፍ ቶሎ ጨርሼ መላክ ነበር የፈለግሁት።

ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ውጤቱን ለገበሬዎቹ ለመንገር አብረን ሄድን። ታክሲ ውስጥ «ወጥቷል» አልኳት። ደስ ብሏት አጨበጨበች፤ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። የታተመው ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ስንመለስ በመንገድ ላይ ረጋ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

መጀመሪያ የገባነው ኦቦ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ቤት ነው።

«አካም ቡልተን?» አሏት ገና ከበሩ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ። አንቱስ እንዴት አደሩ?»

ወንበር ቀረበልን። ቅጂውን ሳወጣ ተቀብለው ገለባበጡት። «የኛ ወተት እንግሊዝኛ ተናገረ በሉኛ!» ብለው ሳቁና አስተማሪ ለሆነችው ልጃቸው ሰጧት። «በይ፣ የዚችን ልጅ ስም አንብቢልኝ። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የተመላለሰች እሷ ናት።»

ልጃቸው የመጀመሪያውን ገጽ አየች። ሦስቱን ስሞች ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ «ስምሽ ማን ነበር?» አለቻት፤ ስሟ ጠፍቷት ሳይሆን፣ እንዳልተሳሳተች ልታረጋግጥ። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ ፈለገች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከማጣቀሻዎቹ በላይ፣ «በላቦራቶሪ ሥራ ለረዳችን» የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ኢንታላ፣ ምነው ልጄ?» አሏት ኦቦ።

«አለሁ ኦቦ። መጨረሻ ላይ ነው ያለሁት» አለችና ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ስለ ዕቃ አስተጣጠቡና ስለ ማጠኑ የመጣንበትን ሁሉ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው፤ አንድም ነገር ሳታጓድል። እኔ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ያቺን ዓምድ ያሰመራት ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ?»

«ኃላፊው ነው እንዲህ...»

«ቅጹን የሞላው ማን ነው? ኃላፊው ነው?»

«እኔ ነኝ።»

እንጦጦን ወርደን ከተማ ስንገባ፣ «ለሁለተኛ ዲግሪ ባለፈው ወር ሳመለክት፣ በቅርብ የሚወጣ ጽሑፍ አለኝ ብዬ ሞልቻለሁ» አለችኝ። «አሁን ውሸታሟ እኔ ሆንኩ ማለት ነው።»

ሦስት ቀን ያህል ማንም ሳይጠይቀኝ ለራሴ ሰበብ ስደረድር ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ለጆርናሉ አዘጋጅ ጻፍኩ። የጸሐፊዎቹ ዝርዝር ትክክል እንዳልሆነ፣ አንዱ ያልሠራ ሰው መሆኑን፣ ዋና ሥራ የሠራች ሰው መቅረቷን፣ ቅጹን በሐሰት የሞላሁትም እኔ መሆኔን። አዘጋጁ በትሕትና መለሰልኝ፤ ለውጡን ለመቀበል የሁሉም ጸሐፊዎች ፊርማ ያስፈልጋል አለ።

ባልደረባዬ ጋ ስሄድ ጠብ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤውን አንብቦ ትከሻውን ነቀነቀ። «አውጣኝ። አንተም ታዲያ ከእኔው ትወጣለህ» አለኝ። ትክክል ነበር። ለዚያኛው ጆርናልም ስሜ እንዲነሳ አብረን ጻፍን። ለማዕረግ ካቀረብኳቸው ጽሑፎች አንዱ በዚያው ጠፋ።

ኃላፊው አልፈረመም።

«የኮሌጁን ስም በውጭ አገር ሰው ፊት ልታጎድፍ ነው?» አለኝ።

«ስሕተቱ የኔ ነው ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ዶክተር።»

«እኔንስ ምን ሠራ ብለህ ልትጽፍ ነው?»

«እርስዎ የሠሩትን ይንገሩኝና እጽፋለሁ።»

በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ። ሁለት ወር ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ሰላምታዬን አልመለሰም። በመጨረሻ አዘጋጁ ካልተስማማችሁ ጉዳዩን ለኮሌጁ አስተዳደር እመራለሁ ብሎ ለሦስታችንም ሲጽፍ፣ ደብዳቤው ተፈርሞ በቢሮው ጸሐፊ በኩል መጣልኝ። ኃላፊው የራሱን ስም ግን አላስወጣም። በትይዩው «ክትትል አድርጓል» የሚል በእጁ ጽፎበታል። አልተከታተለም። እዚያ ላይ ተዳከምኩ፤ እንዳለ ላክሁት። እስከ ዛሬ ጆርናሉ ባወጣው ማረሚያ ላይ ያለችው አንዲት ሐሰት ይህቺ ናት፤ እያወቅሁ ነው ያለፍኳት።

ማረሚያው ሲወጣ የእሷ ስም ሁለተኛ ሆኖ ነበር። አትሜ ላቦራቶሪ ወሰድኩላት። ጓንቷን አውልቃ አነበበችው።

«አመሰግናለሁ አልልህም» አለችኝ። «የራሴን ነው ያመጣህልኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ማምጣትህን አይቻለሁ።» ጓንቷን መልሳ አጠለቀችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የዚያ ዓመት የትምህርት ዕድል አመለጣት፤ ማረሚያው የወጣው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ተቀበሏት፤ አሁን ስለ ምግብ ደኅንነት ታጠናለች፤ ቤቷ አሁንም ሰበታ ነው። እኔ ረዳት ፕሮፌሰር የሆንኩት ካሰብኩት ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው። ጓደኛሞች ነን ለማለት አልደፍርም። ለበዓል ትደውልልኛለች፤ ስለ ሥራዋ እጠይቃታለሁ፤ የምትነግረኝን ያህል ትነግረኛለች።

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ሥራውን ለኅትመት አዘጋጅቶ አመጣልኝ። የእኔን ስም መጀመሪያ ላይ አድርጎታል፤ በአክብሮት። ምን ምን እንደሠራሁ ጠየቅሁት። አፍሮ አቀረቀረ። «አማክሬሃለሁ፣ ሁለቴም አንብቤልሃለሁ» አልኩት፤ «ሌላስ?» ሌላ አልነበረም። ብዕር ሰጠሁትና ናሙናውን ማን እንዳመጣ፣ ማን እንደለካ፣ ማን እንደጻፈ በየተራ እንዲጽፍልኝ ነገርኩት። ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።